ጥያቄና መልስ፦ «በጣም ቆንጆ ነበር» ብለው ለሚያቆሙ ተማሪዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ከ7ኛ እና ከ8ኛ ክፍል የቋንቋ መምህራን ናቸው። ልጆቹ ሲያወሩ አፍ ያስከፍታሉ፤ ሲጽፉ ግን ወሬው ይደበዝዛል።

*ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ «በጣም» ሳይሉ ዓረፍተ ነገር አይጨርሱም። «በጣም ፈራሁ»፣ «በጣም ደስ አለኝ»። ልከልክላቸው?*

ለጥቂት ጊዜ መከልከሉ አይከፋም፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ልጁ «በጣም»ን ሰርዞ «እጅግ» ብሎ ይጽፍልዎታል። ይልቅ «ስትፈራ ምን ሆንክ?» ብለው ይጠይቁት። «ጉልበቴ ተብረከረከ»፣ «ላብ አጠመቀኝ»፣ «ምላሴ ተሳሰረ» ይልዎታል። ቃላቱን ያውቃቸዋል፤ ለደብተር የሚሆኑ ስላልመሰሉት ነው የተዋቸው። ቶሎ «እሷኑ ጻፋት» ይበሉት።

*ጥያቄ፦ ጽሑፍ አሳምሩ ስላቸው ቅጽል ይደረድራሉ፤ «ውብ፣ ማራኪና አስደሳች ጠዋት ነበር» ዓይነት። እንዴት ላስተዋቸው?*

ወደ ግሱ ይውሰዷቸው። የአማርኛ ጉልበት ያለው እዚያ ነው። «ሰውየው ሄደ» ሲባል የምናየው ነገር የለም። «አዘገመ»፣ «ገሰገሰ»፣ «ተንገዳገደ»፣ «ተንጎራደደ»፣ «ሾልኮ ወጣ» ሲባል ግን አምስት የተለያዩ ሰዎች ይታዩናል፤ አንድም ቅጽል አላስፈለገንም።

ክፍል ውስጥ እንዲህ ይሞክሩት። አንድ ተማሪ ከበሩ እስከ ሰሌዳው ይራመድ፤ መጀመሪያ ከባድ ሸክም እንዳለበት፣ ቀጥሎ እንደረፈደበት፣ ከዚያ ሰው እንዳያየው እንደሚፈራ ሆኖ። ሌሎቹ በየዙሩ አንድ ግስ ብቻ ይጻፉ። አንዱ «አዘገመ» ሌላው «ተጎተተ» ብሎ ሲከራከር አያቋርጧቸው፤ ትምህርቱ ያ ክርክር ነው።

«አለ»ን ይዘው የሚመጡትንም አይርሱ። «ተቀመጠ» የሚል ልጅ «ዘፍ አለ»፣ «ኩርምት አለ»፣ «ጉብ አለ» የሚሉት አሉት። ዘፍ ያለው ደክሞታል፤ ኩርምት ያለው በርዶታል ወይም ፈርቷል፤ ጉብ ያለው ከፍ ያለ ነገር ላይ ወጥቷል። ደግሞ «ወረቀቱን ቀደደው»፣ «ቀዳደደው» እና «ቀደድ አደረገው» የሚሉትን ጎን ለጎን ይጻፉላቸውና በእጃቸው እንዲያሳዩዎት ይጠይቋቸው። ግሱ አንድ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የደረሰው ግን ሦስት ዓይነት ነው። ቋንቋው ይህን ያህል ሰጥቶን ሳለ ልጆቻችን በ«ውብ» እና በ«ማራኪ» ብቻ ሲቀሩ ያሳዝነኛል።

*ጥያቄ፦ አንድ ጎበዝ ተማሪ ከመዝገበ ቃላት ከባድ ቃል እየለቀመ ያስገባል። «እናቴ ምሳ አበረከተችልኝ» ብሎ ጻፈ። ጥረቱን እንዳልገድልበት ፈራሁ።*

ጥረቱን ያመስግኑለት፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን አይለፉት። «ሰጠ»፣ «አቀበለ»፣ «ለገሰ»፣ «አበረከተ» ጎረቤታሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። «አበረከተ» ውስጥ ክብርና ሥነ ሥርዓት አለ፤ እናት ለልጇ ምሳ ስታቀርብ ያ የለም። ለእንዲህ ያለ ልጅ የምሰጠው ሥራ አንድ ነው፤ አዲስ ቃል ከመጠቀሙ በፊት ሌሎች የጻፏቸውን፣ ቃሉ ያለባቸውን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ፈልጎ ያምጣ፤ ማን ለማን፣ መቼ እንደሚለው ይንገረኝ። ሕያው ቃል ማለት ትክክለኛው ቃል ነው፤ ብዙ ጊዜም ቀላሉ ነው።

*ጥያቄ፦ በምልልስ ውስጥ «አለ»ን ሁልጊዜ በሌላ ቃል ይተኩ?*

አይተኩ። አንባቢ «አለ»ን ሳያስተውለው ያልፋል። አንዱ ሲደነፋ፣ ሌላው ሲያጉረመርም፣ ሦስተኛው ሲያንሾካሹክ ምልልሱ ይታፈናል። ድምፁ የተለወጠበት ቦታ ላይ ብቻ ይጠቀሙባቸው።

*ጥያቄ፦ የትኞቹን አዲስ ቃላት መርጬ ላስተምር?*

አሜሪካዊቷ የንባብ ተመራማሪ ኢዛቤል ቤክ ከባልደረቦቿ ጋር ቃላትን በሦስት እርከን ከፍላለች፤ ዕለት ተዕለት የምንናገራቸው፣ በልዩ ልዩ ጽሑፎች ደጋግመው የሚመጡ፣ እና እንደ «ፎቶሲንተሲስ» ያሉ የአንድ ትምህርት ቃላት። ትኩረትዎን መካከለኛው ላይ ያድርጉ፤ «አመነታ»፣ «ታከተ»፣ «ተሟገተ» ዓይነቶቹ ላይ። በሳምንት ጥቂት ይበቃሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንትና በሚቀጥለው ወር ግን ተመልሰው ይምጡ። አንዴ ተነግሮ የተተወ ቃል ከልጁ ጋር አይቆይም።

*ጥያቄ፦ የደከመውን ቃል ሁሉ በቀይ ሳርምለት ልጁ ተስፋ ቆረጠ። ሌላ ምን መንገድ አለ?*

ቀዩን ይቀንሱት። ከገጹ ውስጥ ሕያው የሆነውን አንድ ቃል ያስምሩበትና ለምን እንደያዘዎት ከጎኑ ይጻፉለት፤ «‹ተንጠባጠበ› ስትል ጣሪያው እንደሚያፈስ ገባኝ» ዓይነት። ከዚያ አንድ አንቀጽ ራሱ መርጦ እንደገና ይጻፍ፤ ማርኩንም ለሁለተኛው ጽሑፍ ይስጡት።