ለግሸን የምትመጡ የወሎ ልጆች ሆይ

መስከረም 21 ሲቃረብ ስልኬ ዕረፍት የለውም። «ዘንድሮ ለግሸን እንመጣለን፤ ስለት አለብን» ይላሉ ውጭ ያሉ የወሎ ልጆች። እሰየው፣ ኑ! እኔም ብዙ ዘመን በሰው አገር ኖሬ ደሴ የተመለስኩ ነኝና ናፍቆቱ ይገባኛል። ግን ከስለቱ በፊት ትንሽ እናውራ።

ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 1 ቁጥር 27 ላይ ስለ ንጹሕ አምልኮ ሲናገር ሁለት ነገር ያነሳል። አንዱ ወላጅ አልባውንና ባልቴቷን በመከራቸው መጠየቅ ነው። ሌላው ራስን ከዓለም እድፍ መጠበቅ። እኛ ሁለተኛውን ይዘን የመጀመሪያውን እንረሳለን። ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን፣ የሁዳዴን 55 ቀን እንይዛለን፣ እሑድ ነጠላችንን አጣፍተን እናስቀድሳለን። ይህን አትተዉ። ግን ያልበላችሁት ምሳ ገንዘቡ የት ገባ?

እድፉም ቢሆን መጠጥና ዝሙት ብቻ አይደለም። ከግብር የተደበቀ ገቢ አለ፤ የተካደ ብድር አለ። ሌሊቱን ቲክቶክ ላይ ሰው ሲሰድቡ አድሮ ጠዋት መስቀል መሳለምም አለ (ለዚህኛው የእኔ ምክር አይበቃም፣ የንስሐ አባት ይፈልጋል)። የንስሐ አባት የሌላችሁ ያዙ። በስልክም ቢሆን የሚቆጣ ሰው ያስፈልጋል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ነበር። ያኔ ባሏን ያጣች እናት ዛሬም ብቻዋን ልጅ ታሳድጋለች። ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ስትሰጡ ስማችሁ በድምፅ ማጉያ ይነበባል፤ እልል ይባልላችኋል። የእሷን የቤት ኪራይ ብትከፍሉ ማንም እልል አይልላችሁም። በጥቅምት ብርድ በነጠላ ጫማ ትምህርት ቤት የሚሄደውን ልጇንም የሚያየው ጎረቤት ብቻ ነው።

ታዲያ በዘፈቀደ አትላኩ። የቅሬውን (የእድሩን) ዳኛ ጠይቁ። ቅሬ የሚያውቀው ማን እንደሞተ ብቻ አይደለም፤ ማን ቤት ምድጃው እንዳልነደደም ያውቃል። ደግሞ «ክርስቲያን ናት ወይስ ሙስሊም?» አትበሉ። እኛ በሠርጋችን ለሁለቱም ለየብቻ አርደን በአንድ ግቢ የምንበላ፣ በአንድ ቅሬ የምንቀባበር ሰዎች ነን። ውጭ አገር ስትቆዩ ይህ ጠፍቶባችሁ ከሆነ ያሳዝናል።

አቅማችን ትንሽ ነው የምትሉ፣ አብሽሩ። ትንሽም ቢሆን በየወሩ ይሁን። በበዓል ብቻ የሚመጣ ብር የዶሮ መግዣ ሆኖ ያልቃል። በየወሩ የሚመጣ ግን ደብተር ይገዛል፣ ልጁም ትምህርቱን አያቋርጥም። «ስትቀበይ ፎቶ ተነሺና ላኪልኝ» አትበሏት፤ ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራው አይወቅ ተብሏል።

ስትመጡም ልጆቻችሁን አስከትሉ። የግሸንን አቀበት ይውጡ፣ ያስቀድሱ፣ ጠበሉን ይጠጡ። ስትመለሱ ወደዚያች እናት ቤት ይዛችኋቸው ግቡ። ቡና ታፈላለች፤ ቸኩለናል ብላችሁ ከአቦሉ እንዳትነሱ፣ ነውር ነው። የምትሰጧት ነገር ካለ ደግሞ በልጆቿ ፊት አይሁን።