የጃፓን የክልል ሊግ ሻምፒዮን ለምን በቀጥታ አያድግም?

ወንድሜ፣ በጃፓን እግር ኳስ የክልሉን ሊግ ያሸነፈ ቡድን ለምን በዓመቱም እዚያው እንደሚገኝ ጠይቀሃል። ዋንጫው የፈተናው መግቢያ ብቻ ስለሆነ ነው። ጄ1፣ ጄ2 እና ጄ3 ከሚባሉት ሦስቱ የፕሮፌሽናል ሊጎች በታች ጄኤፍኤል (የጃፓን እግር ኳስ ሊግ) የሚባል አራተኛ እርከን አለ፤ ከሱ ስር ደግሞ ከሆካይዶ እስከ ኪዩሹ 9 የክልል ሊጎች አሉ። እዚያ ብዙዎቹ ተጫዋቾች ሌላ ሥራ አላቸው።

ወቅቱን ሙሉ ለፍተህ አንደኛ ብትወጣም፣ ኅዳር ላይ 12 ቡድኖች የሚገናኙበት የክልል ሻምፒዮኖች ውድድር ይጠብቅሃል፤ ምድቡ ላይ በ3 ተከታታይ ቀናት 3 ጨዋታ ነው! በዚህ መንገድ ወደ ጄኤፍኤል የሚያድጉት ቢበዛ 2 ናቸው። በኔ እይታ ይሄ ጭካኔ ነው። የስንት ወር ልፋት በ3 ቀን ድካም ገደል ይገባል።

ግን መንገዱ አልተዘጋም። ማትሱሞቶ ያማጋ የተባለው ክለብ እስከ 2009 (እ.ኤ.አ.) የሆኩሺንኤትሱ ክልል ሊግ ውስጥ ነበር፣ በ2015 ጄ1 ላይ ተጫወተ። ኢማባሪ የተባለው ክለብም የቀድሞው የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ታኬሺ ኦካዳ ሲረከበው የሺኮኩ ክልል ቡድን ነበር፤ በ2025 ጄ2 ደርሷል። መከታተል ካሰብክ የኅዳሩ ውድድር እንዳያመልጥህ።