ታች የወረደ ፊልትሮ እና የጅማ ክረምት

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ኖት? የምጽፍሎት ከጅማ፣ ከሄርማታ ነው። የምነዳት 1.6 ኮሮላ ናት። በጋ ላይ አዲስ አበባ ሄጄ ኮልድ ኤር ኢንቴክ (ሞተሩ ቀዝቃዛ የውጭ አየር እንዲስብ የሚያደርግ ቱቦ) አስገጠምኩላት፣ ኦሪጅናሉን የአየር ፊልትሮ ቦክስ አውጥተው በአልሙኒየም ቱቦ ቀየሩትና ፊልትሮው ራሱ ታች ወርዶ ከፓራውልቱ ኋላ ጎማው ጋ ተቀመጠ። ድምጿ ደስ ይላል፣ ጉልበትም የጨመረች ይመስለኛል። አሁን ግን ዝናቡ ገባ፣ ባለፈው ሳምንት መርካቶ ጋ መንገድ ላይ የተኛ ውሃ ውስጥ ገብቼ ስወጣ ቼክ ኢንጂን በራ፣ ትንሽ ተንቀጠቀጠች፣ ከዛ በማግስቱ መብራቱ በራሱ ጠፋ። ጓደኞቼ ፊልትሮውን ፌስታል አልብሰው ይሉኛል፣ መካኒኩ ደግሞ ዘይት በደንብ አጠጣው ውሃ አያስገባም አለኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን በመብራት ብቻ አለፈልህ። ሁለቱንም ምክር ተዋቸው። ፌስታል የለበሰ ፊልትሮ አየር ያጥረዋል፣ ሞተሩ ሲስብ ደግሞ ፌስታሉ ራሱ ተቀዶ ወደ ውስጥ ሊሄድ ይችላል። ዘይት የበዛበት ፊልትሮ ደግሞ ዘይቱን ወደ ኤር ፍሎ ሴንሰሩ (የሚገባውን አየር ወደሚለካው) እየረጨ ሴንሰሩን ያቆሽሸዋል፣ ያኔ ያየኸው መንቀጥቀጥ ክረምት ከበጋ ይሆንብሃል። ለነገሩ ያ መብራት ራሱ ሴንሰሩ ላይ የውሃ ጠብታ ደርሶበት ሊሆን ይችላል፣ ሲደርቅ የጠፋውም ለዚህ ይመስለኛል፣ ግን በግምት አትተወው፣ ኮምፒውተር አስነብበው፣ ኮዱ ተመዝግቦ ይቆያል።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርህ። ዝናብ ራሱ ጠላትህ አይደለም፣ ፊልትሮው ቢረጥብም ትንሽ እርጥበት ቢያልፍም ሞተር ውስጥ ተንኖ ይወጣል። የሚገለው ፊልትሮው ሙሉ ለሙሉ ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ ነው፣ ምክንያቱም ሞተሩ ያኔ አየር ሳይሆን ውሃ ነው የሚስበው። አየር ይታመቃል፣ ውሃ አይታመቅም። ያንተ ሞተር አራት ሲሊንደር ነው፣ እያንዳንዱ 400 ሲሲ ይይዛል፣ ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ሲጨርስ ግን የሚቀረው ክፍት ቦታ 45 ሲሲ አካባቢ ብቻ ነው። ከአንድ ሲኒ ቡና ያነሰ ማለት ነው። ከዛ በላይ ውሃ አንዱ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ፒስተኑ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል፣ ከስሩ ያለው ክራንክ ግን እየዞረ ስለሆነ ሁለቱን የሚያገናኘው ዘንግ፣ ቢዬላው፣ ይታጠፋል፣ ይባስ ካለም ተሰብሮ ብሎኩን በስቶ ይወጣል። ፍጥነት ላይ ከሆንክ ይሄ ሁሉ በሰከንድ ያልቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሜትር ይዘህ ውረድና የፊልትሮው ታችኛ ጫፍ ከመሬት ስንት ሳንቲም እንደሆነ ለካው። ጎማው ጋ ከተቀመጠ ከጎማው እምብርት በታች ቢሆን አይገርመኝም። የተኛ ውሃ እዛ ድረስ ባይደርስ እንኳን አንተ በፍጥነት ስትገባ ፊትህ ላይ ማዕበል ይነሳል፣ ከፊትህ አንድ አይሱዙ ከመጣ ደግሞ የሱ ማዕበል ይጨመርበታል፣ 20 ሳንቲም ነው ብለህ የገመትከው ውሃ ያኔ 20 አይደለም።

እኔ ብሆን ኦሪጅናሉን ቦክስ ሰኔ ላይ መልሼ ገጥሜ መስከረም እስኪያልቅ አላወርደውም። አልጣልከውም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የፋብሪካው ቦክስ አየር የሚስበው ከላይ ከፊት መብራቱ ኋላ አካባቢ ነው፣ ከስሩም የገባች ውሃ የምትፈስበት ቀዳዳ አለው፣ መሀንዲሶቹ ይሄን ሁሉ አስበውበት ነው። ጉልበት ይቀንስብኛል ብለህ አትስጋ። ጅማ ከባህር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ጉልበቱን አንድ ስድስተኛ ያህል ያጣል፣ ይሄን ደግሞ የትኛውም ቱቦ አይመልሰውም። የሚስበው አየር በ10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የምታገኘው የአየር ጭማሪ 3 ፐርሰንት ያህል ነው፣ ኦሪጅናሉም ቢሆን የሚስበው የውጭ አየር ስለሆነ ልዩነቱ ከዚህም ያንሳል። የወደድከው ድምፁን ነው፣ እሱ ደግሞ መስከረም ሲያልቅ ይመለሳል።

ቦክሱ ከሌለህ ቱቦውን እየው፣ ብዙዎቹ ሁለት ቁራጭ ናቸው፣ የታችኛውን አውጥተህ ፊልትሮውን እላይ ኮፈኑ ስር መግጠም ይቻላል። ሞቅ ያለ አየር ይስባል እንጂ ውሃ አይጠጣም። ፊልትሮው ላይ የሚጠለቅ ውሃ የማያሳልፍ ካልሲ መሳይ ጨርቅም ይሸጣል፣ ለፍንጥቅጣቂ ጥሩ ነው፣ ለመጥለቅ ግን ምንም አያደርግልህም። ቱቦው መሀል የሚገባ ባይፓስ ቫልቭ የሚባልም አለ፣ ፊልትሮው ውሃ ውስጥ ሲገባ እሱ ከላይ ተከፍቶ አየር ይሰጣል፣ ቱርቦ ለሌለው እንዳንተ ላለው ሞተር ይሰራል፣ ከፊልትሮው በደንብ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ጎማውን ጠምዝዘህ እይ፣ ሲገጥሙልህ የውስጡን ፕላስቲክ ፓራፋንጎ አውጥተው ጥለውት ከሆነ ጎማህ ራሱ ጭቃና ውሃ ቀጥታ ፊልትሮው ላይ እየረጨ ነው፣ ያን ፕላስቲክ አስገዝተህ መልሰው። ላቫጆ ስትገባም ሞተር ክፍሉንና የፓራውልቱን ስር በፕሬዠር እንዳይመቱት ቁመህ አሳጥብ።

ድንገት ውሃ መሀል ከጠፋችብህ ይቺን አትርሳ፦ ቁልፉን እንዳትነካው። ብዙ ሞተር የሚሞተው ሲጠፋ ሳይሆን “እስቲ አንዴ ልሞክራት” ሲባል ነው። ገፍታችሁ አውጧትና ፊልትሮውን ንካው፣ ቱቦውንም ውስጡን እይ፣ ውሃ ካለ መካኒክ ጥራ። አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ ቤንዚኑና ኮይሉ ይነቀል፣ ከዛ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ሲዞር ውሃው በካንዴላው ቀዳዳ ተፈናጥሮ ይወጣል፣ ፊትህን አታስጠጋ። የሞተር ዘይቱን በመለኪያው አውጥተህ እየው፣ ነጣ ብሎ ከመጣ ውሃ ገብቶበታልና ሳይቀየር አይነሳም። ተነስታም ከስር ኳ ኳ የሚል ድምፅ ካለ ወዲያው አጥፋት፣ ቢዬላ ታጥፏል ማለት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ፣ እኔ ከአጋሮ ነኝ፣ ባለቤቴ በቱርቦ ዲዝል ሃይሉክስ እቃ እየጫነ ወደ ጌራ ይመላለሳል፣ ስኖርክል (አየር ከጣሪያው አካባቢ የሚስብ ቱቦ) አስገጥመን ነበር፣ አሁን ወንዝም ቢሆን ችግር የለም ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ የለም እህቴ፣ ስኖርክል ጥሩ ነገር ነው ግን ለመልክ ብቻ የተገጠመ ብዙ አይቻለሁ። ይሄን አስሞክሪው፦ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሰራ የስኖርክሉን አፍ በጠፍጣፋ እንጨት ይዝጉት፣ ታፍኖ ሊጠፋ ይገባል። ዝም ብሎ መስራቱን ከቀጠለ ከታች የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው፣ አየር የሚያስገባ ደግሞ ውሃም ያስገባል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቱቦዎቹ የተገናኙበት ቦታ ነው ወይ ደግሞ የፊልትሮ ቦክሱ ስር ያለችው የውሃ መውጫ ቀዳዳ ክፍት ቀርታ ነው። ዲዝል ከቤንዚን የበለጠ ስለሚያምቅ በትንሽ ውሃም ይጎዳል፣ ከላይ ያልኩት ባይፓስ ቫልቭም ለቱርቦ አይሆንም። የሞላ ወንዝ ግን ስኖርክል ኖረም አልኖረም አይግባ፣ መኪናውን የሚወስደው ጎርፉ ነው፣ እዛ ላይ ስኖርክል ምንም አያግዝም። ጥልቅ ውሃ ተሻግሮ ከመጣ ደግሞ የዲፌሬንሻሉንና የካምቢዮውን ዘይት ያሳይ፣ መተንፈሻቸው ታች ስለሆነ ውሃ በዛ በኩል ይገባል።