ጥያቄና መልስ፦ በምድር እምብርት ያለ ብረት በኮምፒውተር

መላሽ፦ እንደምን አመሻችሁ። የብረትን ነገር በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ስለማጥናት ጠይቁኝ። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ዩኒታችሁን፣ መለኪያችሁን ማለት ነው፣ እዩ።

ናሆም፦ ዶክተር፣ በላምፕስ፣ የአተሞችን እንቅስቃሴ በሚያሰላው ፕሮግራም፣ በ330 ጊጋፓስካል፣ በውስጠኛው እምብርት ዳር ባለው ግፊት፣ ላይ ብረቱን ቀስ እያልኩ ሳሞቀው ከ7,000 ኬልቪን በላይ ነው የቀለጠው። ምን አጠፋሁ?

መላሽ፦ ጎሽ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ያሞቅከው እንከን የሌለው ክሪስታል ነው፤ ገጽ የለው፣ ስንጥቅ የለው። መቅለጥ የሚጀምርበት ቦታ ስላጣ መቅለጫውን አልፎም ጠጣር እንደሆነ ይቆያል። የሳጥኑን ግማሽ ለብቻው አቅልጠህ ከጠጣሩ ግማሽ ጋር አጋጥምና ድንበሩን ተመልከት። ጠጣሩ ፈሳሹን እየበላ ከሄደ ከመቅለጫው በታች ነህ፤ ፈሳሹ ጠጣሩን ከበላው በላይ ነህ። ሁለቱ ተፋጠው የሚቆሙበት ሙቀት ነው መልስህ። ፖቴንሻልህስ፣ አተሞቹ እንዴት እንደሚሳሳቡና እንደሚገፋፉ የሚነግረው ቀመር፣ የተሠራው በምን ላይ ነው? በተራ ግፊት ብቻ ከሆነ እምብርቱ ላይ አትመነው። ቁጥር ሲሰጥ ግን አያፍርም።

አቤል፦ መቅለጫው 4,850 አልነበር እንዴ?

ሄለን፦ እሱ እ.ኤ.አ. የ1993ቱ ልኬት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ፈረንሳይ ግሬኖብል ላይ በኤክስሬይ እስከ 200 ጊጋፓስካል ለክተው በስሌት ወደ 330 ሲወስዱት 6,230 ወጣ።

አቤል፦ የስህተት ወሰኑን፣ ሲደመር ሲቀነስ 500ውን፣ ለምን ትደብቂያለሽ?

ሄለን፦ ቢቀነስም ያንተ ጋ አይደርስም። ዶክተር፣ እኔ በኳንተም ኤስፕሬሶ፣ ኤሌክትሮኖችን በሚያሰላው ፕሮግራም፣ ነው የምሠራው፤ ሱዶፖቴንሻሌ፣ የአተሙን ውስጠኛ ኤሌክትሮኖች የሚተካው ፋይል፣ 8 ኤሌክትሮን አለው።

መላሽ፦ ጣይው። አተሞቹ እንዲህ ሲጨፈለቁ ከውጪዎቹ በታች ያሉት የ3ፒ ኤሌክትሮኖችም ይነካካሉ፤ 14 ያለውን ውሰጂ። ኤሌክትሮኖቹንም አሙቂያቸው፤ 6,000 ኬልቪን በኃይል መለኪያ ሲጻፍ 0.52 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። ኤስፕሬሶ የሚቀበለው ግን በሌላ የኃይል መለኪያ፣ በሪድበርግ ነው፣ 0.038። ዩኒት ብያለሁ!

ቢኒ፦ ለምን «ሲሙሌሽን» ትላላችሁ? «ማስመሰል» የሚል አማርኛ እያለ?

ሄለን፦ «ዶክተሩ ማስመሰል ያውቃሉ» ብንል ስማቸውን አጠፋን ማለት ነው።

ቢኒ፦ «ምስለት» በሉዋ!

መላሽ፦ የፈለጋችሁትን በሉት። ቀጣይ።

ሳምሪ፦ ስለ ሴራሚክስ?

መላሽ፦ አልሠራሁበትም።

ቃልኪዳን፦ የኔ ላፕቶፕ ይችላል?

መላሽ፦ ስንት አተም? በምን ዘዴ? እንዲህ ተጠይቆ ምን ይመለሳል?

ዮናስ፦ እኔም እንደ ናሆም ላምፕስ ነው፤ ግን ብረቴ 2,000 ኬልቪን ላይ ውኃ ሆነ።

መላሽ፦ ግፊቱን ስንት ብለህ ጻፍክ?

ዮናስ፦ 330።

መላሽ፦ ከላምፕስ የዩኒት ስብስቦች የመረጥከው «ሜታል» የሚባለውን ከሆነ ግፊት በባር ነው! 330 ባር ባሕር ውስጥ 3 ኪሎ ሜትር ያህል መውረድ ነው እንጂ የምድር እምብርት አይደለም። 3,300,000 ብለህ ጻፍ።

ዮናስ፦ እሺ። ከመስከረም ጀምሮ እንዲህ ነው ስሠራ የከረምኩት።