በ26 ያቆመችው፣ በ37 የተመለሰችው

ሰሞኑን አንዲት ወጣት «ኮች፣ 27 ሞላኝ፤ ሩጫ ካቆምኩ ቆየሁ። ብመለስ ሰው ይስቅብኛል?» ብላ ጻፈችልኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ፤ ስለዚህ መልሱን ለሁላችሁም እጽፈዋለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አስሉልኝ።

1996፣ ክረምት መግቢያ ላይ ነው። አንዲት የማሰለጥናት ሯጭ አክስቷ ቤት ዲሽ ስለነበር አብረን የዊምብልደንን የቴኒስ ግማሽ ፍጻሜ እናያለን። ጀርመናዊቷ ስቴፊ ግራፍ ከጃፓኗ ኪሚኮ ዳቴ ጋር ነው። ግራፍ የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 2 ወሰደች፤ በሁለተኛውም 2 ለ 0 መራች። ልጅቷ «ይቺማ አለቀላት» አለች። ከዚያ ኪሚኮ ስድስት ጌም በተከታታይ አሸንፋ ዙሩን ወሰደች!

አመታቷ ዓይኔ ላይ አለ። ኳሱ ነጥሮ ከፍ እስኪል አትጠብቅም። ገና ከሳሩ ብድግ ሲል ነው የምትመልሰው። ግራፍ ቦታዋን ሳትይዝ ኳሱ ደረሰባት ማለት ነው። ኪሚኮ በተፈጥሮዋ ግራኝ ናት፤ የምትጫወተው ግን በቀኝ እጇ ነው። መሃል ላይ አንድ ተመልካች «ስቴፊ፣ ታገቢኛለሽ?» ብሎ ጮኸ። ግራፍም «ስንት ገንዘብ አለህ?» አለችው። ሜዳው በሳቅ አውካካ። ከዚያ መሸና ጨዋታው ለማግስቱ ተላለፈ። በማግስቱ ግራፍ ሦስተኛውን ዙር 6 ለ 3 ጨረሰችው።

በዚያው ወር መጨረሻ አትላንታ ላይ ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን አሸነፈችልን። ሦስተኛ የወጣችው ጃፓናዊቷ ዩኮ አሪሞሪ ነበረች። ባርሴሎና ላይ ብር አግኝታ፣ እግሯን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ነው ዳግም የመጣችው። እሷን ያኔ ልብ ያላት ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም በፋጡማ ደስታ ሰክረን ነበር።

ዓመቱ ሳያልቅ ኪሚኮ ቴኒስ አቆምኩ አለች። 26 ዓመቷ ነው፤ ከዓለም አሥር ምርጦች አንዷ ናት። የኔዋ ሯጭ በዚያ ሰሞን ክለቧ ከደሞዝ ዝርዝር አውጥቷት ነበር። «አየሽ ኮች፣ በዓለም አራተኛ የነበረችው እንኳ በቃኝ አለች» አለችኝ። ብዙ አወራኋት። ቆም ብሎ መመለስ እንደሚቻል የማሳያት ሰው ግን በእጄ አልነበረም። ቤይሩት ሄደች።

ታሪኩ ለካ ገና ግማሹ ላይ ነበር። ኪሚኮ አገባች፣ ለንደን ማራቶንን ሮጠች፤ በ2008፣ በ37 ዓመቷ፣ ወደ ቴኒስ ተመለሰች። በቴኒስ የደረጃ ነጥብ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ የድሮ ስሟ ምንም አልቆጠረላትም። ጊፉ በተባለች የጃፓን ከተማ ከማጣሪያ ጀመረች፤ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ኮረዶች ጋር ተሰልፋ። በ2009 ሴኡል ላይ ዋንጫ ስታነሳ በማግስቱ 39 ሊሞላት ነበር። ከወር በኋላ የኛዋ ደራርቱ በ37 ዓመቷ ኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ያን ጊዜ ቤይሩት የሄደችውን ልጅ ፈለግኋት፤ ስልኳ ተቀይሯል። እስከዛሬ የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

ስለ ልምምድና ስለ እንቅልፍ አልሰብካችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ግን የዛሬ ልጆች ቶሎ ተስፋ ትቆርጣላችሁ። ስልካችሁ ላይ የሌላውን ሜዳሊያ ስታዩ ታድሩና ጠዋት «እኔ አልሆንም» ትላላችሁ። በሌላ በኩል ጃፓናዊቷ የቴኒስ ተጫዋች ናኦሚ ኦሳካ በ2021 ከፈረንሳይ ኦፕን ራሷን አግልላ ስለ ድብርቷ በግልጽ ስትናገር፣ ጎሽ ካሉት አንዷ ነኝ። በኛ ጊዜ ደከመኝ ማለት ነውር ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም እላለሁ፤ ቶሎ አትተዉ፣ ሲበቃችሁ ደግሞ እረፉ። ይጋጫል ካላችሁም ይጋጭ። ኪሚኮ ያን ሁሉ ዓመት ባታርፍ ኖሮ በ40 ዓመቷ ዊምብልደን ላይ ቬነስ ዊሊያምስን በጨዋታቸው የመጨረሻ ዙር እስከ 8 ለ 6 ታስጨንቃት ነበር? አይመስለኝም።

በ2017 ቶኪዮ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰናበተች። የመጨረሻ ጨዋታዋን 6 ለ 0፣ 6 ለ 0 ተሸነፈች። ያዘኑላት ነበሩ። እኔ አላዘንኩላትም፤ የምትወጣበትን ቀን የመረጠችው ራሷ ናት።

አንቺ ልጄ፣ የሚስቅ አይጠፋም። ክለብ እስኪጠራሽ አትጠብቂ፤ ለግል ተወዳዳሪ ክፍት የሆነ የጎዳና ሩጫ ፈልገሽ ተመዝገቢ። መጀመሪያ ግን ጉልበትሽን ሐኪም ይየው። ከዚያ የገባሽበትን ሰዓት ላኪልኝ፤ ፕሮግራም የማወጣልሽ እሱን አይቼ ነው።