ሦስት የዲኦ ትምህርት ቤት ለተቀበላት እህቴ

ጥያቄሽን ዛሬ ጠዋት ከናይት ሺፍት ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ አነበብኩት። ሦስት ኦስቲዮፓቲክ ሜዲካል ስኩል (ዲኦ የሚባለውን የሐኪም ዲግሪ የሚሰጥ) ተቀብሎሻል። አንዱ ትልቅ ከተማ ውስጥ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ፣ ስም ያለው፣ ግን ውድ። ሁለተኛው ከቤታችሁ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ገና ተማሪ አላስመረቀም። ሦስተኛው አፓላቺያ ተራሮች መሃል ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው፤ ረከስ ይላል። ዲፖዚት ለመክፈል ሁለት ሳምንት ቀርቶሻል። እናትሽ ቅርቡን፣ ጓደኞችሽ ስም ያለውን ይላሉ።

እንኳን ደስ ያለሽ! እኔን የተቀበሉኝ ሁለት ነበሩ፤ የመረጥኩትም በማይረባ ምክንያት ነበር። አሁን የኢንተርናል ሜዲስን (የውስጥ ደዌ) ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ነኝ፤ ማለትም ተመርቄ ሆስፒታል ውስጥ እየሠራሁ ስፔሻሊቲ የምማር ሐኪም። ከምነግርሽ ውስጥ ግማሹ ከራሴ ጥፋት የተማርኩት ነው።

እኔ የመረጥኩት ሕንጻ ነው። ኢንተርቪው በአካል በሚደረግበት ጊዜ ሄጄ የአናቶሚ ላቡ አፈዘዘኝ። ምሳ የጋበዙን ሳንድዊች ሳይቀር እስካሁን ትዝ ይለኛል። ስለ ሦስተኛ ዓመት ግን አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም። ዲፖዚቱ 2,000 ዶላር ነበር፤ እናቴ የዕቁብ ሰዎችን ለምና ዕጣዋን ቀድማ ወስዳ ከፈለችልኝ። ከዚያ በኋላ "ሐሳቤን ቀየርኩ" ማለት የሚታሰብ አልነበረም።

አሁን የገባኝ ነገር ይሄ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የትም ብትማሪ ብዙ አይለያዩም። ባዮኬሚስትሪው ያው ነው፤ ሁሉም ተማሪ ቤቱ ቁጭ ብሎ ተመሳሳይ ቪዲዮና የጥያቄ ባንክ ነው የሚያጠናው። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ ሮቴሽን (በየሆስፒታሉ እየዞርሽ በሽተኛ እያየሽ የምትማሪበትን) ስትጀምሪ ነው። አብዛኛው የዲኦ ትምህርት ቤት የራሱ ሆስፒታል የለውም። ከተለያዩ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ጋር ይዋዋልና ተማሪውን ይበትናል፤ አንዳንዴም ሌላ ስቴት ድረስ።

እኔን በዕጣ የመደቡኝ ከካምፓሱ አራት ሰዓት የሚነዳ ከተማ ነበር። የአንዲት አሮጊት ቤዝመንት ተከራየሁ። የኢንተርናል ሜዲስን ሮቴሽኔ የአንድ ሐኪም ክሊኒክ ሆነ። ሰውየው ደግ ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው፤ ግን ክሊኒክ ያው ክሊኒክ ነው። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የጉልበት ሕመም። ስምንት ሳምንት ሙሉ አንድ የተኛ በሽተኛ አላየሁም። ኖት (የበሽተኛ መዝገብ) አልጻፍኩም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ የምገባበት ፓስወርድ እንኳን አልሰጡኝም። በዘጠኝ ሰዓት ወደ ቤት ስሄድ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽሽም።

ዋጋውን የከፈልኩት አራተኛ ዓመት ላይ ነው። ሬዚደንሲ ልገባበት የምፈልገው ሆስፒታል ለአንድ ወር ሄድኩ፤ ኦዲሽን የሚሉት ሮቴሽን ነው። የመጀመሪያው ጠዋት የልብ ድካም ያለባቸው አንድ አዛውንት ተሰጡኝ። ወረቀቴን አራት ቦታ አጥፌ ኪሴ ከትቻለሁ። ራውንድ ላይ (ቡድኑ በሽተኞቹን እየዞረ ሲያይ) ተራዬ ሲደርስ ታሪካቸውን ከሀ እስከ ፐ መተረክ ጀመርኩ። አቴንዲንጓ (የቡድኑ ኃላፊ ሐኪም) አቋረጠችኝ። "ማታ ምን ያህል ሸኑ? የዛሬ ክብደታቸውስ? ፖታሲየማቸውስ?" ወረቀቱን ዘረጋሁት፣ ገለበጥኩት። የለም። አጠገቤ የቆመው የኤምዲ (የተለመደው የሐኪም ዲግሪ) ትምህርት ቤት ተማሪ ሦስቱንም ቁጥር በቃሉ ተናገረ። ልጁ ከእኔ በልጦ አይደለም። አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ይሄንኑ ሲሠራ ከርሟል። ያን ወር በየቀኑ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እየተነሳሁ ነው የደረስኩበት። እዚያ ግን ማች አላደረግኩም፤ ማለትም ተመራቂዎችን ከሬዚደንሲ ቦታ ጋር በሚያገናኘው ዓመታዊ ምደባ ያ ሆስፒታል አልደረሰኝም።

ስለዚህ ዛሬውኑ የሦስቱንም ትምህርት ቤቶች የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ፈልጊ። አድሚሽን ቢሮ የሚያገናኝሽን ሳይሆን ራስሽ በሊንክድኢን ወይም በሰው በሰው የምታገኛቸውን። አድሚሽን የሚመርጥልሽ ተማሪ ሁሌም ደስተኛ ነው። ስትደውይ "ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው?" አትበይ። ባለፈው ወር የት ነበርሽ? ማን መደበሽ? ስንት ጊዜ ቤት ቀየርሽ? ሆስፒታሉ ውስጥ ሬዚደንቶች አሉ ወይስ አንድ ሐኪም ብቻ ነው የምትከተዪው? ኖት ትጽፊያለሽ? ሮቴሽን ራስሽ እንድትፈልጊ ተደርገሽ ታውቂያለሽ? ይሄን የመጨረሻውን በተለይ እንዳትረሺው። ስልሳ ሺህ ዶላር ከፍሎ ሐኪም በስልክ ሲለምን የከረመ ተማሪ አውቃለሁ።

ቁጥርም ያሳዩሻል፤ ተጠንቀቂ። "99 በመቶ ተማሪዎቻችን ሬዚደንሲ ገብተዋል" ሲሉሽ ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቂ። ለአንድ ዓመት ብቻ የሚያዝ ፕሪሊሚናሪ ቦታ የያዘም፣ ማች ሳያደርግ ቀርቶ በዚያው ሳምንት ሶፕ በሚባለው ዙር የተረፈ ቦታ የለቀመም አብሮ ይቆጠራል። የኮምሌክስ (የዲኦ ተማሪዎች የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና) ማለፊያ መቶኛም እንደዚያው ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ኮምሴ የሚባለውን የልምምድ ፈተና በተወሰነ ነጥብ ካላለፍሽ ለዋናው አያስቀምጡሽም። ደካማውን አስቀርቶ ያስፈተነ ትምህርት ቤት መቶኛው ማማሩ አይቀርም። እኔ ብሆን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከአራት ዓመት በፊት ስንት ሰው አስገባችሁ፣ ከነሱ ውስጥ ስንቱ በአራት ዓመቱ ተመረቀ? መልሱን ሲያድበሰብሱ ካየሽ ያ ራሱ መልስ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የእኛ ሰው ይሄን ማውራት ያፍራል፤ እኔ አላፍርም። እኔ በገባሁበት በ2020 መንግሥት የጎደለሽን ሁሉ ግራድ ፕላስ በሚባለው ብድር ይሞላልሽ ነበር። በ2025 በወጣው ሕግ ግን ግራድ ፕላስ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ተዘግቷል። ለሕክምና ተማሪ የመንግሥት ብድር ጣሪያው በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ነው። የብዙዎቹ የግል ዲኦ ትምህርት ቤቶች ክፍያ ብቻውን ከ50 ሺህ ያልፋል።

ባንቺ እናስላው። ትልቁ ከተማ ክፍያው 60 ሺህ፣ ኑሮው 28 ሺህ ቢሆን በዓመት 88 ሺህ ነው። መንግሥት 50 ቢሰጥሽ 38 ሺህ ይጎድላል፤ በአራት ዓመት 152 ሺህ። ትንሿ ከተማ ክፍያው 45፣ ኑሮው 22 ቢሆን በዓመት የሚጎድልሽ 17 ሺህ ነው፤ በአራት ዓመት 68 ሺህ። የጎደለውን የሚሞላው የግል ባንክ ነው፤ ባንክ ደግሞ ኮሳይነር ይጠይቃል። ማለትም አባትሽ ወይም አጎትሽ ይፈርማሉ። ሌላም አለ። ለትርፍ ባልቆመ ሆስፒታል እየሠራሽ 120 ወርሃዊ ክፍያ ስትጨርሺ ቀሪውን ዕዳ መንግሥት የሚሰርዝበት ፕሮግራም አለ፤ የሬዚደንሲ ዓመታትም ይቆጠራሉ። የግል ባንክ ብድር ግን እዚያ ውስጥ አይገባም። እሱን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ትከፍያለሽ። የጻፍኳቸውን ቁጥሮች አውጥተሽ የራስሽን አስገቢ።

ዜጋ ከሆንሽ የጦር ሠራዊቱን ወይም የናሽናል ኸልዝ ሰርቪስ ኮርን ስኮላርሺፕ እይ፤ በግሪን ካርድ አይሆንም። ደግሞ ዳላስ አካባቢ ያላችሁና ገና ያላመለከታችሁ፣ ፎርት ዎርዝ ያለው የቴክሳስ ኦስቲዮፓቲክ ኮሌጅ የመንግሥት ነው። ለቴክሳስ ነዋሪ ክፍያው ከግሎቹ በብዙ ያንሳል። ማመልከቻው ግን በኤኮማስ (አብዛኞቹ የዲኦ ትምህርት ቤቶች በሚጠቀሙበት የጋራ ማመልከቻ) ሳይሆን በቴክሳስ የራሱ ሥርዓት በኩል ነው። ይሄን ሳያውቁ ዓመት ያለፋቸው አሉ።

አዲሱ ትምህርት ቤት ጋ ልምጣ፤ እናትሽም እንዳይቀየሙኝ። አዲስ ማለት መጥፎ ማለት አይደለም። ሙሉ እውቅና የሚያገኘው የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ሲያስመርቅ ነው፤ እስከዚያ ግን ኮምሌክስ ትፈተኛለሽ፣ ማችም ትገቢያለሽ። ችግሩ ማስረጃ አለመኖሩ ነው። ለምሳሌ ሜሪላንድ ውስጥ ሄገርስታውን የተከፈተው ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው በ2025 ነው። ነገሩ በወጉ ከሄደ የማች ውጤቱን የምናየው በ2029 ነው። እሱ ግን እዚያው የሚሠራ የሆስፒታል ድርጅት ያቋቋመው ነው፤ ሆስፒታሉ ሳይኖር ሕንጻውን ብቻ ከሠራ ጋር አንድ አይደለም። ያንቺ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አልጻፍሽም። ቤት መኖሩ በወር 1,500 ኪራይ ቢያድንሽ በዓመት 18 ሺህ ነው፤ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ግን ሦስተኛ ዓመት ላይ ሌላ ቦታ ከላኩሽ ቁጠባው የሁለት ዓመት ብቻ ሆነ። ደግሞም የሐበሻ ቤት ውስጥ እያጠናሽ እንግዳ ሲመጣ ቡና አፍልቶ ላለመቀመጥ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ አንቺው ታውቂዋለሽ።

"ስም ያለው" የሚለውን በተመለከተ፣ ከዲኦ ትምህርት ቤቶች መካከል ያለው የስም ልዩነት ጓደኞችሽ እንደሚያስቡት አይደለም። እኔ ጋ ያሉት የፕሮግራም ዳይሬክተሮች የሚያዩት የፈተና ነጥብሽንና አብረሽው የሠራሽው ሐኪም ስላንቺ የጻፈውን ነው። ቁም ነገሩ ሌላ ቦታ ነው። ኮምሌክስ ሌቭል 1ም ሆነ ስቴፕ 1 (የኤምዲ ተማሪዎች የሚፈተኑት አቻው) ከ2022 ጀምሮ ማለፍና መውደቅ ብቻ ሆነዋል። እኔ የተፈተንኩት ለውጡ በገባበት ዓመት ነው። ስለዚህ ክብደቱ ሁሉ ሁለተኛው ፈተና ላይ ወድቋል። ቀዶ ሕክምና ወይም ቆዳ የሚያምርሽ ከሆነ ከኮምሌክስ በተጨማሪ ስቴፕ 2ን መውሰድ ሊኖርብሽ ነው። ትምህርት ቤቱ ለሁለቱም ማጥኛ ጊዜ ይሰጣል ወይ? ለቤተሰብ ሕክምናና ለሕጻናት ያን ያህል አትጨነቂ።

ቤተሰብ "ዲኦ ምንድን ነው?" እያለ ካስጨነቀሽ አንቺ ብቻ አይደለሽም። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ "ልጅሽ ምን ትማራለች?" ሲሏት "የአሜሪካ ወጌሻ" ትል ነበር። ተናደድኩ፤ በኋላ ሳስበው ግን ብዙም አልተሳሳተችም። አንድሩ ቴይለር ስቲል የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት በ1892 ሚዙሪ፣ ከርክስቪል ውስጥ ሲከፍት አጥንትና ጡንቻን በእጅ ማከም ዋናው ሐሳቡ ነበር። ዛሬም በሁለቱ ዓመት ውስጥ ወደ 200 ሰዓት የእጅ ሕክምና ትማሪያለሽ። ላቡ ውስጥ ወንዱም ሴቱም በቁምጣና በካናቴራ ሆኖ እርስ በርስ ይዳሰሳል። የኛ ጊዜ ኮቪድ ስለነበር ከላይ ማስክ፣ ከታች ቁምጣ! የመጀመሪያው ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ተለመደ። የገና በዓል ላይ የእናቴን አንገት አሸሁላት፤ ከዚያ ወዲህ ማኅበርተኞቿ ሁሉ ተራ ይይዛሉ።

ለአባትሽ ደግሞ ይሄን ንገሪያቸው። ዲኦ በሃምሳውም ስቴት ከኤምዲ እኩል ሙሉ ሐኪም ነው። ከ2020 ጀምሮ የዲኦና የኤምዲ የሬዚደንሲ ሥርዓት አንድ ሆኗል። በ2025 ማች ከዲኦ ተመራቂዎች 92.6፣ ከአሜሪካ ኤምዲ ተመራቂዎች 93.5 በመቶው ቦታ አግኝተዋል። የፕሬዚዳንት ባይደን የኋይት ሀውስ ሐኪምም ዲኦ ነበሩ፤ አባቴን ዝም ያሰኘው ይሄ የመጨረሻው ነው።

እንግዲህ እኔ አንቺን ብሆን ትንሿን ከተማ እመርጣለሁ፤ አንድ ነገር ካሟላች። ሦስተኛ ዓመትን ሬዚደንቶች ባሉበት አንድ ሆስፒታል እንደምትጨርሺ፣ የቱ ሆስፒታል እንደሆነም በጽሑፍ ይንገሩሽ። "እንደ ሁኔታው ይታያል" ካሉሽ ወደ ትልቁ ከተማ መለስ ብለሽ ያንኑ ጠይቂ፤ እነሱ በትክክል ከመለሱ ልዩነቱን መክፈል ያዋጣ ይሆናል። ቅርቡን የምወስደው ሆስፒታሉ ከጎኑ ካለ ብቻ ነው። ዲፖዚቱ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻዋ ቀን ያዥው። የተራራው ክረምት ላይ ግን አልዋሽሽም፣ ይከብዳል። እንጀራ ፍሪዘር ሞልተሽ ሂጂ።

የሮቴሽን ቦታዎቹን ስም ካገኘሽ እዚሁ ጻፊልን፤ ሐሙስ ኦፍ ነኝ፣ የማውቀው ሰው ካለ ደውዬ እጠይቅልሻለሁ።