ካናቢስ ይፈቀድ? የአንባቢዎቻችን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ «ሆላንድና ፖርቱጋል ካናቢስን ሕጋዊ አድርገው ምን ሆኑ?» እያሉ ይሞግቱኛል። ሁለቱም ፈቅደዋል?

መልስ፦ አንዳቸውም ሙሉ በሙሉ አልፈቀዱም። ፖርቱጋል ከ2001 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ ለራሱ ፍጆታ የያዘን ሰው አታስርም። እንደ መመዘኛ የሚወሰደው የአሥር ቀን ፍጆታ ሲሆን፣ ለደረቅ ካናቢስ 25 ግራም ነው። የተያዘው ሰው የሕግ፣ የጤናና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች ባሉበት ኮሚሽን ፊት ይቀርባል፤ የያዘው ይወረሳል። መሸጥ ግን ዛሬም ወንጀል ነው።

የሆላንዱ ነገር ግራ ያጋባል። «ኮፊሾፕ» የሚባሉት ቤቶች ለአንድ ሰው በቀን እስከ 5 ግራም ቢሸጡ አይከሰሱም፤ ቤቱ ውስጥም ከ500 ግራም በላይ ማስቀመጥ አይችሉም። ጣጣው ያለው በጓሮ በር ነው። በፊት ለፊት በግልጽ የሚሸጠው ዕቃ ለዓመታት የመጣው ከሕገወጥ አብቃይ ነው፤ ስለዚህ ትርፉ ለወንጀለኛ ይደርሳል፣ ጥራቱንም የሚቆጣጠር የለም። በተመረጡ ከተሞች ፈቃድ ያላቸው አብቃዮች እንዲያቀርቡ ሙከራ የተጀመረው ለዚህ ነው። ከማሳ እስከ ሽያጭ ሕጋዊ ያደረጉትን ከፈለጉ፣ በ2013 ሕጉን ያወጣችውን ኡራጓይንና በጥቅምት 2018 የተከተለችውን ካናዳን ይጥቀሱላቸው።

ጥያቄ፦ መፈቀዱ ጥቁር ገበያውን ያጠፋዋል?

መልስ፦ ብቻውን አያጠፋውም። ግብሩ ከከበደ ወይም መደብሩ ከራቀ ገዢው ወደ ድሮ ሻጩ ይመለሳል። በካሊፎርኒያ ሽያጩ በ2018 ቢጀመርም ብዙ ከተሞች መደብር በክልላቸው እንዳይከፈት ከለከሉ፤ ሕገወጡም ንግድ ቀጠለ። በተቃራኒው ዋጋው በጣም ከወረደ በየቀኑ የሚያጨሰው ሰው ይበረታታል። ግብር በሽያጭ ዋጋ ላይ ብቻ ሲጣል ደግሞ፣ ምርቱ በረከሰ ቁጥር ግብሩም አብሮ ይቀንሳል። በእኛ እይታ የተሻለው፣ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ቲኤችሲ በበዛ መጠን ግብሩን መጨመር ነው። የአሜሪካዋ ግዛት ኢሊኖይ የሞከረችው ወደዚህ ይጠጋል፦ ቲኤችሲው እስከ 35 በመቶ ለሆነ 10 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 25 በመቶ ታስከፍላለች። ደጋፊም ተቃዋሚም ስለዚህ ጉዳይ እምብዛም ሲከራከሩ አይሰማም፤ ውጤቱን ግን በአብዛኛው የሚወስነው ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የሚበላው ከሚጨሰው አይሻልም?

መልስ፦ ለሳንባ ይሻላል። መጠኑን መቆጣጠር ግን ይከብዳል። የተጨሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሲሰማ፣ የተበላው ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ይፈጃል። ብዙዎች «አልሠራም» ብለው ይደግሙና ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጣባቸው በፍርሃት፣ በልብ ትርታና በማስታወክ ይሠቃያሉ። ለዚህ ነው ካናዳ በአንድ ጥቅል ከ10 ሚሊግራም ቲኤችሲ በላይ እንዳይኖር የደነገገችው፤ የአሜሪካዋ ግዛት ኮሎራዶ በጥቅል እስከ 100 ትፈቅዳለች፣ አንዱ ቁራሽ ከ10 እስካልበለጠ። ማሸጊያው ሕፃን የማይከፍተው መሆን አለበት፤ ከረሜላ የመሰለውን ልጅ ከረሜላ ነው ብሎ ይበላዋልና።